የሳሙናው መንጋጋ

ሥራ የጀመርኩት ካርድ ክፍል ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ ሆሳዕና ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ አውጪ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን የሐኪሙ ረዳት ታማ ቀረች። ዶክተር ሙዘሚል ከውስጥ ሆነው፣ "ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ እጇን ታጥባ ትምጣ" አሉ። ታጠብኩና ገባሁ።

ወንበሩ ላይ ያለው ከጊምቢቹ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል። ዶክተሩ ከበሽተኛው በስተቀኝ ተቀምጠዋል። እኔን በስተግራ፣ ከእሳቸው ፊት ለፊት አቆሙኝና የምራቅ መሳቢያውን ቱቦ አስያዙኝ።

"በቀኝ በኩል ያዢው" አሉኝ።

በራሴ ቀኝ በኩል ያዝኩት።

"የበሽተኛውን ቀኝ ነው የምልሽ። እዚህ ክፍል ውስጥ የአንቺ ቀኝ የለም፣ የእኔም ቀኝ የለም። ያለው የእሱ ብቻ ነው።"

ቱቦውን ሳወጣለት ሹፌሩ ወደ ዶክተሩ ዞረ። "ዶክተር፣ ልጅቷ ግራና ቀኟን እስክትለይ ለሌላ ቀን ልምጣ?"

"አፍህን ክፈት። የምነቅለው እኔ ነኝ" አሉት።

ረዳቷ በዚያው ሌላ ሥራ አግኝታ ቀረች። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ቦታ ቆምኩ፤ ከበሽተኛው በስተግራ፣ ከዶክተሩ ፊት ለፊት። በሽተኞች "ሲስተር" ይሉኛል። ነርስ አይደለሁም። መጀመሪያ መጀመሪያ አስተካክላቸው ነበር፣ በኋላ ተውኩት።

ሥራዬ ዕቃ መቀቀል፣ ዕቃ መደርደርና ዕቃ ማቀበል ነበር። ትሪው ላይ መስታወቱ፣ መመርመሪያውና መቆንጠጫው በዚህ ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። መንቀያ ጉጠቶቹ ለየብቻ ናቸው። ለላይኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርስ የተሠራው ጉጠት ለግራው አይሆንም፤ አፉ ላይ ያለችው ሹል በየትኛው በኩል እንዳለች አይቶ መለየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ አንድም ጊዜ ተሳስቼ አላቀበልኩም። በዚህ እኮራ ነበር። የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የተነቀለ ጥርሱን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ብዙ ነው። አንድ የሆመቾ ሽማግሌ፣ "እዚሁ ይጣል ወይስ ይወስዱታል?" ብላቸው ተቆጡኝ።

"ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ በልቷል። እዚህ ጥዬው ልሂድ?"

በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እንደ እሳቸው ያልጠየቁትን ሰዎች ጥርስ ደግሞ አስፈቅጄ በረኪና ባለበት ጠርሙስ አስቀምጥ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ እያወጣሁ አገላብጣቸዋለሁ። የጥርስን ቅርጽ የተማርኩት ከዚያ ጠርሙስ ነው። ጡረታ ስወጣ ዶክተሩ፣ "ይህን ካንቺ በቀር የሚፈልገው የለም" ብለው ሰጡኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አቶ ጴጥሮስ የሚባሉ የአንጋጫ መምህር ልጃቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ሁለት መንጋጋቸውን የተነቀሉት እኛ ዘንድ ስለሆነ እንተዋወቃለን። ልጅቷ ማርታ ትባላለች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ የጥርስ ሕክምና ለመግባት ተፈትና ነበር። ፈተናው በጽሑፍ፣ በቃለ መጠይቅና በእጅ ሥራ ነው። በእጅ ሥራው ተፈታኙ ደረቅ ሳሙና፣ ትንሽ ቢላና ማስመሪያ ይሰጠውና በዕለቱ የተነገረውን ጥርስ ቀርጾ ያስረክባል። ማርታ ሁለቱን አልፋ በእጅ ሥራው ወድቃለች። አንድ ዕድል ቀርቷታል፤ ሁለቴ የወደቀ ሦስተኛ አይመዘገብም።

"ዘንድሮ ካልሆነ ዱራሜ ሂሳብ አያያዝ ትማራለች። ተስማምተናል" አሉ አባቷ።

"አባዬ፣ የተስማማኸው አንተ ብቻህን ነህ" አለች።

"የትኛውን ጥርስ ነበር ያዘዙሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ።"

"ታዲያስ?"

"ፈታኙ ድንች ይመስላል አለኝ።"

"ከድንች አገር ከአንጋጫ መምጣትሽን አውቆ ይሆናል" አልኳት። አባቷ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም።

ሆሳዕና አክስቷ ቤት ተቀምጣ በየቀኑ ከሰዓት እየመጣች እንድትለማመድ ተስማማን። ፈተናው አንድ ወር ተኩል ያህል ቀርቶታል። አቶ ጴጥሮስ በሳምንቱ አንድ ጆንያ ድንች ላኩ። ሳሙና ከማበላሸት መጀመሪያ በድንች ብንጀምር ብዬ ነበር። የተቀረጸ ድንች ቶሎ ይጠቁራል፤ ማታ ጥሩ የነበረው ጥርስ ጠዋት ሲታይ የሚነቀል ይመስላል። የተበላሸውን ቀቅለን በላነው። ለአንድ ሳምንት እራቴ መንጋጋ ነበር።

ማርታ ጎበዝ ልጅ ነች፤ ችግሯ ቢላውን በአየር ላይ መያዟ ነበር። ዶክተር ሙዘሚል አራተኛ ጣታቸውን አንድ ቦታ ሳያሳርፉ መሣሪያ አያንቀሳቅሱም ነበር። ያንን አሳየኋት። ጣቷን ስታሳርፍ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። እኔ የሃዲያ፣ እሷ የከምባታ ልጅ ስለሆንን የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ጭንቅ ሲላት ግን የጥርሱን ጉብታዎች በከምባትኛ ትቆጥራለች። ቆጠራው ድምፅ ካለው ገና እንደሆነች፣ ዝም ካለች እንደሆነላት አውቃለሁ።

ወደ ሳሙና ስንሻገር ባለፈው ያቃታትን ያንኑ የላይኛውን ቀኝ መንጋጋ ያዝን። ከጠርሙሱ አንድ ጥሩ ጥርስ አውጥቼ እጄ ሥር አስቀመጥኩ። ጠረጴዛው መሐላችን ሆኖ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እኔ በራሴ ሳሙና ላይ አንድ ቦታ እቆርጣለሁ፣ እሷ አይታ በራሷ ላይ ትከተላለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። የእሷ ጥርስ ጉብታዎቹ አራት፣ ልኩ ትክክል፣ መሐሉ ላይ ያለው ቦይ ንጹሕ። ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሳየው ከእኔው ጋር አንድ ነበር። ለአቶ ጴጥሮስ ደውዬ፣ "አይስጉ" አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ ቤተሰብ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ፈተናው ስድስት ቀን ሲቀረው ዶክተር ሙዘሚልን ጠራኋቸው። እሳቸውም ሥራ አቁመዋል። መነጽራቸውን አድርገው የማርታን ሳሙና ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

"ቆንጆ እጅ ነው። ወርቅነሽ፣ ይህ የትኛው ጥርስ ነው?"

"የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ ነው፣ ዶክተር።"

"አይደለም። ግራ ነው።"

"ቀኝ ነው" አልኩ። በሥራ ዘመናችን እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም።

ከጠርሙስ የወጣውን ጥርስ አነሱና ከሳሙናው ጎን አቆሙት። በላንቃ በኩል ያለችው ትንሿ ጉብታ ከኋላ መሆን ነበረባት። የማርታ ከፊት ነበረች። የሠራቻቸውን ያጠራቀምንበትን ሣጥን ከፍቼ ሌሎቹን አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

"እስቲ እንዴት እንደምትሠሩ ቁጭ በሉና አሳዩኝ" አሉ። ፊት ለፊት ተቀመጥን። "ወርቅነሽ፣ ቀኝ እጅሽን አንሺ። ልጄ፣ አንቺም እሷን ተከተይ።"

ቀኝ እጄን አነሳሁ። ማርታ ግራዋን አነሳች።

"ይኸው" አሉ።

ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ ቀኙን ሲያነሳ ልጆች ግራቸውን እንደሚያነሱት ነው። እኔ በቀኜ በኩል ስቆርጥ እሷ በግራዋ በኩል ቆርጣለች። እኔ ደግሞ የእሷን ሥራ ከማዶ ሆኜ ሳየው፣ የራሴን በመስታወት ያየሁ ያህል ትክክል ሆኖ ታየኝ።

"ሠላሳ ዓመት በጥርስ መስታወት ስታዪ ኖረሽ መስታወት ሆነሽ አረፍሽው?" ብለው ሳቁ።

ማርታ አልሳቀችም። ቢላዋን አስቀምጣ፣ "ሂሳብ አያያዝ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል" አለች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ያሳየሁሽን በትክክል ነው የሠራሽው" አልኳት።

"ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ? እጄ ለምዶታል።"

"አንዱን ያወቀ እጅ ሌላውን ለማወቅ ስድስት ቀን ይበቃዋል" አሉ ዶክተሩ። "ወርቅነሽ፣ ወንበርሽን አንሺና ወደ ማዶ ሂጂ።"

ወንበሬን አዙሬ ከማርታ ጎን ተቀመጥኩ። አልተመቸኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት ከሚሠራው ሰው ማዶ ነው፤ ክርኔን የት እንደማደርገው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ክርኗን ገጨሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ትንሿ ጉብታ ቦታዋን አገኘች። ከዚያ በኋላ ደንብ አወጣን። ቢላ ከመነሳቱ በፊት የበሽተኛው ፊት በየት በኩል እንደሆነ ሳሙናው ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ይደረጋል። ቀኝም ግራም የሚቆጠረው ከዚያች ነጥብ ነው። አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ እያፈራረቀች ስትሠራ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን በከምባትኛ መቁጠሯን ተወች።

ሰኞ መጥቶ አለፈ። ሂሳብ አያያዝ አልተመዘገበችም። አባቷ ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በፈተናው ቀን ስልኬን ከፊቴ አስቀምጬ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ደወለች።

"እትዬ፣ ግራው ወጣ!"

"የትኛው ግራ?"

"የላይኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ! ሦስት ሳምንት በስህተት ስንሠራው የከረምነው!"

ዶክተሩ ባያዩት ኖሮ ማርታ የለመደችው ቀኙን መስሏት፣ ግራ ስትባል ገልብጣ ቀኙን ቀርጻ ታስረክብ ነበር።

"ነጥቡን አደረግሽ?"

"አደረግኩ። ፈታኙ ይህ ምንድን ነው አለኝ። የበሽተኛው ፊት በዚህ በኩል ነው አልኩት። በሽተኛው የታለ? አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ካለፍኩ ይመጣል አልኩት።"

ለፈታኝ እንዲህ አይመለስም ብዬ ተቆጣኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን ሳቅኩ።

ውጤቱ በወጣ ማግስት አቶ ጴጥሮስ በባጃጅ መጡ። ሌላ ጆንያ ድንች አወረዱና፣ "አልፋለች። ይህኛው ለመብል ነው፣ እንዳይቀረጽ" አሉኝ።

ማርታ አሁን ሁለተኛ ዓመት ነች። ለእረፍት ስትመጣ ጠርሙሱን ሰጠኋት። መስኮቴ ላይ ሁለት የሳሙና ጥርስ አለ፤ አንደኛው ትክክለኛው ቀኝ፣ ሌላው ቀኝ ነው ብዬ የተከራከርኩበት ግራ። ቀሪዎቹን ልብስ አጠብኩባቸው።

አሁን በየክሊኒኩ አዲስ ረዳት ለምታለማምዱ የምለው ይህን ነው። የእጅ ሥራ ስታሳዩ ከልጁ ጎን ቁሙ። ፊት ለፊት ከቆማችሁ ግራውን ቀኝ አድርጎ ይማራል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።