እማማ ይርገዱ አፋቸውን የከፈቱልኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታይ ሄጄ፣ ወጣቷ ሐኪም ድዴን እየነካካች «ችላ አይበሉት፤ የአፍ ጤና ሲጓደል በእርጅና ጊዜ ማስታወስንም ሳይጎዳ አይቀርም እየተባለ ነው» አለችኝ። አፌ በጥጥ ተሞልቶ ነበር። መናገር ብችል ኖሮ፣ ይህን ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢቸና ላይ በዓይኔ እንዳየሁት እነግራት ነበር።

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከደብረ ማርቆስ ቢቸና ተመድቤ መምህርት ሆንኩ። የተከራየሁት እማማ ይርገዱ ቤት አንዲት ክፍል ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ጎጆ ወጥቶ የጥኖራ በምትባል ገጠር ያርሳል። እማማ በከተማው የታወቁት በዘር ቆጠራ ነበር። ጋብቻ በታሰበ ቁጥር፣ ሙሽሮቹ እንዳይዛመዱ ሽማግሌዎች እርሳቸው ዘንድ እየመጡ እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥሯቸዋል።

በሁለተኛው ክረምት ነገራቸው ተለወጠ። ወጡ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ያደርጋሉ። እኔን በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኛል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ የገዛ ደጃቸውን አልፈው ሄደው ጎረቤት መለሳቸው። አንድ ቀንም ዘር ለማስቆጠር በመጡ ሰዎች ፊት ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸውና፣ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃቸው ቀረ፤ እርሳቸውም ማኅበር መሄድ ተዉ። ልጃቸው መጥቶ አያቸውና «እርጅና ብቻውን አይመጣም» አለኝ። መጪውን መስቀል ከዋልን በኋላ ቤቱን ሸጦ ወደ የጥኖራ ሊወስዳቸው ወሰነ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ልክ ነህ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ በቆሎ እሸት ጠብሼ ሰጠኋቸው። እሸት ነፍሳቸው ነበር። ይዘውት ቆዩና፣ ያላየሁ መስሏቸው፣ አንድ አንድ ፍሬ እየፈለፈሉ ለዶሮዎቹ ወረወሩት። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ለወራት ከአንድ ማዕድ ስንበላ፣ ወጥ የጠጣ ፍትፍት ካልሆነ አይነኩም ነበር። አንድ ጉንጫቸውም አብጧል።

«እማማ፣ እስቲ አፍዎን ያሳዩኝ።»

«ተይኝ ልጄ። ይሸታል።»

ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ነጠላቸውን አወረዱ። ድዳቸው መግል ቋጥሯል፤ አራት መንጋጋቸው ተበልቷል። ሕመሙ እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ ማኅበር የቀሩትም ሰው ጠረናቸውን እንዳይሸሽ ብለው እንደሆነ ነገሩኝ። «አፌን ዘግቼ ሰው ሸሸሁ» አሉ። «ሰው ስሸሽ ጊዜ የማውቀውም ሸሸኝ።»

ለልጃቸው መልእክት ላክኩና፣ ትምህርት ሳይከፈት ሦስታችን ለሕክምና በአውቶቡስ ሞጣ ሄድን። ከደብረ ወርቅ ወዲያ መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው። እየወረድን ስንጠብቅ እማማ መንገድ ዳር ካለው አደይ መሃል ጉንጫቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሞጣ ላይ የሟች ባላቸው ወዳጅ የነበሩ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ቤታቸውን ለቀቁልን፤ ባለቤታቸው የአጃ አጥሚት እየሠሩ በእጃቸው አጠጧቸው። ሐኪሙ እብጠቱን በመድኃኒት አስታግሶ አራቱንም ነቀለላቸው። ስለ መርሳታቸው ስጠይቀው በባዶ ተስፋ ሊያጽናናኝ አልፈለገም።

«እሱን ቃል አልገባልሽም» አለኝ። «ግን ሳይበሉ ሳይተኙ፣ ከሰው ሳያወሩ ከርመዋል። እንደዚያ ከሆነ እንኳን እርሳቸው አንቺም ትረሺያለሽ።»

ሁሉም አልተመለሰም። እኔን በእህታቸው ስም መጥራቱ አልተዋቸውም፤ እኔም ለመድኩት። ግን በሉ፣ ተኙ፣ ማኅበራቸውን ጀመሩ። ኅዳር ላይ አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ልጅ ጋብቻ ይዘው ሲመጡ፣ እማማ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ስድስተኛውን ጠሩ፤ ሰባተኛውንም።

ልጃቸው ቤቱን መሸጥ ተወ። እማማ ይርገዱ እዚያው ስድስት ዓመት ኖሩ፤ በሠርጌ ቀን እንደ እናት ሆነው መረቁኝ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት መርሳቱ ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም። ቢሆንም ያረፉት በገዛ ቤታቸው፣ ከሚወዳቸው ሰው መሃል ነው።

የሐኪሙን ስም እንኳ አልጠየቅኩም። እርሱንም፣ እነዚያን የሞጣ ደጎችም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እፍረታቸውን አሸንፈው ለእኔ ለልጅ የተገለጡልኝን እማማን ሳስብ ልቤ በምስጋና ይሞላል። ዛሬ አረጋዊ ስጠይቅ «እንዴት ነዎት?» ብዬ አላበቃም። ምን እንደበሉ፣ ቆሎ ይቆረጥሙ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብለው ይስቁብኛል። ሲስቁ ጥርሳቸውን አያለሁ።