የወንድሜ የቀበሌ ቤት

ከጉለሌ የወጣሁት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ገና በደንብ ሳይነጋ ነው። ጥቁር ነጠላ ተከናንቤ፣ ጎንደር አክስቴ ሞታ ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ። በዚያን ጊዜ ማን ይታመናል? እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከጎረቤት ስኳር እንበደራለን እንጂ ሐሳባችንን አንነጋገርም ነበር። ሱዳን ልገባ መሆኑን የነገርኩት ለታናሽ ወንድሜ ለታዬ ብቻ ነው።

ታዬ በልጅነቱ በያዘው በሽታ ሁለት እግሮቹ ሰልለው በክራንች ነው የሚሄደው። የተከራየነው የቀበሌ ቤት ደጃፉ አስፋልት ላይ ስለሆነ፣ እዚያው ተቀምጦ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ነጠላ ይቀመቅማል። ውሉ ግን በእኔ ስም ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቱን ለሰው ሊሰጠው እንደቋመጠ ከዓይኑ አውቄበታለሁ። የእኔ መጥፋት ከታወቀ ታዬ ሜዳ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

እኔ ጅሏ ደግሞ አንድ ነገር ረሳሁ። የእኛ ሰፈር ለቅሶ ሰምቶ መቼ ዝም ይላል? ገና መተማን ሳልሻገር እድርተኛው ወንበር ይዞ ደጃፋችንን ሞላው። ባለሱቁ ሐጂም ዘግተው መጡ። ታዬ ለሌለች አክስት እያለቀሰ ንፍሮ ሲበላ ሰነበተ። ሊቀመንበሩም ሊያጽናና መጥቶ ግድግዳውን ሲቃኝ ቆየና፣ "እህትህ መቼ ነው የምትመለሰው?" አለው።

ወር ሲሞላ ልቀቅ ተባለ። ሌላ ቤት ይሰጥሃል አሉት፤ ወደ እንጦጦ ሽቅብ፣ ፍየል የሚያለከልክበት ዳገት ላይ። እግሬስ ቢላቸው፣ "ጓድ፣ አብዮቱ ሁሉንም እኩል አድርጓል" አለው ሊቀመንበሩ። አካል ጉዳተኛ ከደጃፉ የሚነሳው በየትኛው ሕግ ነው ብሎም ጠየቀ። ውል የሌለው ሰው ሕግ አይጠይቅም ተባለ። ውሉ ወደ ታዬ የሚዞረው እኔ ከሞትኩ ብቻ ነው።

ይኼን ሁሉ ያነበብኩት ካርቱም ነው፣ መንገደኛ ባመጣልኝ ደብዳቤ፣ በዚያ እንደ ምጣድ በሚያቃጥል ከተማ፣ ኪስራ የሚሉትን ሲጎርሱት አፍ የማይሞላ ስስ እንጀራ እየበላሁ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "እትዬ፣ ገድዬሻለሁ። መንገድ ላይ በወባ ሞተች አልኳቸው። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሴቶቹም አምርረው አለቀሱልሽ። ውሉ በስሜ ሆኗል። አትጻፊ፣ አትደውዪ።"

ተናደድኩ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፤ በኋላ ግን ማልቀስ ሆነ። ስድስት ወር ቻልኩት። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄጄ ሐጂ ሱቅ ደወልኩና ታዬን አስጠራሁ። ማን ልበል ሲሉኝ የነጠላ ደንበኛ ነኝ አልኳቸው፤ ሐጂስ ቢሆኑ ማን ያውቃል? የክራንቹ ኳኳታ ሲቀርብ ሰማሁ።

"ታዬ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከኋላው የወንዶች ወሬ ይሰማኛል።

"ተሳስተዋል፣ እመቤቴ" አለኝ። "እህቴ አርፋለች። እኔ ግን አለሁ፤ ቤቱም አለ።"

ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁም። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሲተነፍስ እሰማው ነበር።