ጥጡ የሸሸበት ድሪቶ

አዲስ ጥቁር ጨርቅ በጋለ ካውያ ሲተኮስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ቀለም ቀለም፣ ጭስ ጭስ የሚል። ደሴ ውስጥ በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ይህ ሽታ ካገኘኝ እግሬ ቀጥ ይልና ልቤ ባሕር ተሻግሮ ተወልጄ ያደግሁባት የሳዑዲዋ የጂዛን የገበያ ከተማ፣ ሳብያ ይገባል። እናቴ እዚያ የአንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ሱቅ ትጠርግ ነበር፤ ማታ ስትመለስ ከሴቶች አባያና ከወንዶች ነጭ ቀሚስ የተረፈውን ቁርጥራጭ በፌስታል ይዛ ስለምትገባ፣ ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን ሁልጊዜ እንደዚያ ትሸት ነበር።

ቁርጥራጩን ማጠራቀም የጀመረችው በዚያ አገር ብርድ በሚባለው ወቅት ነበር፤ ብርድ ማለት እንግዲህ ሰው አንሶላ መደረብ ሲያምረው ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ ስላልነበረን ዕድሜዬ ደርሶ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት አልተገኘም። ስለዚህ የእናቴ ታናሽ እህት ሰኢዳ ወደ አገር ስትመለስ እኔንም ይዛኝ እንድትሄድና በመስከረም ወሎ እንድማር ተቆረጠ። እኔ ሙቀት እንጂ ሌላ አላውቅም፤ እናቴ ግን የደጋውን ውርጭ ታውቀው ነበርና ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ሌሊት ስትገልጥ ማን ተነስቶ ያለብሳታል?» ትለው ነበር አባቴን።

«ሰኢዳ አለች አይደለም እንዴ?»

«ሰኢዳ? እሷ ከተኛች መድፍ አይቀሰቅሳትም!»

እናም ተኝቼ ብራገጥ እንኳ ከላዬ የማይወርድ፣ ሰፊና ከባድ ድሪቶ ልትሰፋልኝ ወሰነች።

ማንጎ በየፒክአፑ ጀርባ ተቆልሎ በሚሸጥበት ወቅት፣ ጥቁሩንና ነጩን እንደ ዳማ ገበታ እያፈራረቀች፣ ከሥራ መልስ እግሯን ዘርግታ ትሰፋ ነበር። በእሷ አገር ድሪቶ የሚሰፋው አሮጌ ጨርቅ በአሮጌ ጨርቅ ላይ እየተደራረበ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ስፌቱ ቢራራቅም ችግር የለበትም። ለእኔ ግን አሮጌ አልመኝልሽም ብላ ከፍራሽ ሰሪዎች ንጹሕ ጥጥ አምጥታ ሞላችበት፣ ስፌቱን ግን እናቷ እንዳስተማረቻት አራርቃ ሰደደችው። ሲያልቅ ያምር ነበር። አባቴ ከሚሠራበት የዳማድ እርሻ ሐሙስ ማታ ሲመጣ በሁለት እጁ አንስቶ፣ «ወላሂ፣ ይኼ ብርድ ልብስ ነው የአህያ ጭነት?» አለና እሷን አሳቃት።

ከዚያ የበጋው ጉብራ መጣ። ጉብራ የምንለው አቧራ ተሸክሞ ቀኑን የሚያጨልም ነፋስ ነው፤ በርና መስኮት ብንዘጋም ድሪቶው ላይ አቧራው ተኛበት። እናቴ ገመድ ላይ ሰቅላ በዱላ ስትወቅጠው ዋለች። በማግስቱ ሙቀቱን ልትፈትን ሙከይፉን፣ ያን የሚያንኳኳ የመስኮት ማቀዝቀዣ፣ እስከ መጨረሻው ከፍታ ፊት ለፊቱ አስተኛችኝና ድሪቶውን አለበሰችኝ።

«ሞቀሽ?»

«እግሬን አልቦኛል፣ እማ። ሆዴን ግን ይበርደኛል።»

አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ጥጡ በዱላው ተገፍቶ በተራራቀው ስፌት መካከል ሸሽቶ ግርጌው ላይ ተከምሯል፤ መሐሉ ሁለት ስስ ጨርቅ ብቻ ቀርቷል። እናቴ፣ «ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ማለት ይኸው ነው» ብላ ጥግ ወርውራው አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር። እኔን አሳዘኑኝ፤ እሷም፣ ድሪቶውም።

አባቴ ለዓርብ ዕረፍቱ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ብርድ ልብስ እንገዛላታለን» አላት።

«የተገዛማ በየትም አለ። እጄ የማይደርስበት አገር ነው የምትሄደው፤ እጄን ነበር ላስይዛት የፈለግሁ።»

አባቴ ድሪቶውን ከጥጉ ጎትቶ አምጥቶ ቁጭ አለ። «ያላ፣ ነይ እንተርትረው» አላት። ስፌቱን ተርትረው፣ ጥጡን በጣታቸው እያፍታቱ መልሰው እኩል ጎዘጎዙትና፣ በዚያ ዓርብና በተከታዮቹ ዓርቦች እሷ ከአንድ ወገን እሱ ከሌላው ወገን አቀራርበው ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ሰፉት፤ የእኔ ሥራ መርፌ ላይ ክር መሰካት ነበር። መርፌ ይዞ የማያውቀው አባቴ መስመሩ እንደ ጎርፍ መንገድ ወዳሻው ሲሄድበት፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ!» ብላ ሳቀችበት፤ ካለቀሰች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ሲያልቅ ዳማው ተጣሟል፣ እዚህም እዚያም ጓል ጓል ብሏል። እያገላበጠች አየችውና፣ «አላማረም» አለች። ጎኑን ዳሰሰችና ደግሞ፣ «ይሁን፣ አይሸሽም» ብላ አጠፈችው።

በሙቀቱ ማለቂያ እኔና አክስቴ መንግሥት ወደ አገር እንዲልከን ብለን ተርሂል፣ ወረቀት የሌለው ሰው የሚቆይበት ግቢ፣ ገባን። እናቴ እንዳይዟት ስለፈራች በሩ ድረስ አልመጣችም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ስታየን ቀረች። አዳራሹ ውስጥ ከጣሪያው የሚወርደው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብር ስለነበር፣ ለወሎ ውርጭ የተሰፋው ድሪቶ ሥራውን የጀመረው እዚያው ጂዛን ነው። አክስቴ ስትዘረጋው የሌሎች ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ እየተንፏቀቁ ገቡበት፤ አንዲት አራስም የልጇን እግር ሸጎጠችበት። አባቴ በሰፋው ወገን፣ ትከሻዬ አካባቢ፣ ብርድ የምታስገባ አንዲት ቦታ ቀርታ ነበር፤ እሷን በመዳፌ ሸፍኜ እናቴን እያሰብሁ አለቀስሁ።

ያ ድሪቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተበጣጥሶ አለቀ። እናትና አባቴ ዛሬም ሳብያ ናቸው፤ በስልክ ስንገናኝ እናቴ፣ «ያን ነገር እንዲያው አበላሽቼብሽ!» ትለኛለች፣ እኔም እስቅባታለሁ። አሁን የራሴ ልጅ አለችኝ፤ ከሱቅ የገዛሁላት ብርድ ልብስ ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጓል የለውም፣ በተኛች ቁጥርም ትገልጠዋለች። እኔ ካጠገቧ ነኝና እጄን ዘርግቼ አለብሳታለሁ፤ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም። እናቴ ያን ሁሉ ወር የሰፋችው ይህችን ከባሕር ማዶ ሆና ለማድረግ ነበር።