ከነጫማዬ የገባሁበት ቤት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቡታጅራ ውስጥ፣ አንድ የሚሸጥ ቤት ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ስፈታ ሐያት ከኋላዬ ሆና ሳቀች። ሐያት እዚህ ካለነው ደላሎች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ናት። ስልኳ ከእጇ አይወርድም፤ ምላሷም አያርፍም።

«ጋሽ ነስሩ፣ የቤቱን ቪዲዮ ትናንት በቴሌግራም ልኬልዎት የለም እንዴ?» አለችኝ። «ዙር ዙር እያላችሁ ግማሽ ቀናችንን ታቃጥሉብናላችሁ። ደግሞ ጫማ ማውለቁ ምንድን ነው? መስጊድ መሰለዎት?»

ሌሎቹም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ወገቤ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም፤ አንዱን ክር እስክፈታ ድረስ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ልጅቷ የጠየቀችው ደግሞ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ፎቶው ካለ፣ ቪዲዮው ካለ፣ አንድ ደላላ የሌላውን ደላላ ቤት በእግሩ ሄዶ ማየቱ ምን ይጠቅመዋል? እኔም በሷ ዕድሜ ይህንኑ እጠይቅ ነበር፣ ያውም ከሷ በከፋ አፍ። መልሱን ያገኘሁት በውርደት ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

ዙር ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ የቡታጅራ ደላሎች በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ገበያ በማይቆምበት ቀን እንሰበሰባለን። አዲስ የሚሸጥ ቤት የመጣለት ሰው ሌሎቻችንን ይዞ ሄዶ ያሳየናል። ገዢው እኔ ጋ መጥቶ ቤቱ አንተ ጋ ከሆነ፣ ተጠራርተን እናገናኛቸዋለን። ዙሩ ሲያልቅ ሻይ ቤት እንቀመጥና እያንዳንዱ ሰው ስላየው ቤት አንድ ደግ ነገርና አንድ ጉድለት ይናገራል። ባለቤቱ ፊት ግን ስለ ጉድለት ትንፍሽ አይባልም። ይህን ሥርዓት ያወጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። የቡኢ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋም ክረምትም ዣንጥላ ከክንዳቸው የማይለይ።

እኔ ግን ድለላን የተማርኩት ወልቂጤ ነው። ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ወልቂጤ መሥሪያ ቤት የበዛበት፣ በጅማ መንገድ የሚመጣው የሚወርድበት ከተማ ስለሆነ ቤት ፈላጊ አይጠፋም፤ እኛም እዚያ የለመድነው መደበቅን ነው። የያዝከውን ቤት ለሌላ ደላላ ማሳየት በርበሬ የተሰጣበት ግቢ ውስጥ ዶሮ እንደ መልቀቅ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ወደ ቡታጅራ ተመልሼ ዙር የሚባለውን ነገር ሳይ ጉድ ነው አልኩ። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈተው እርስ በርስ ይጎበኛኛሉ ብዬ አሾፍኩባቸው። ቀስ በቀስ ግን ወደድኩት። የወደድኩት ለሥራው አልነበረም፤ ሻይ ቤት ስንቀመጥ የቤቶቹን ጉድለት እያሳመርኩ ሰው ማሳቅ ስለቻልኩ ነው። ምላስ ነበረኝ።

ሌላም ነገር ነበረኝ፤ ውሸት። ኮት ለብሼ፣ ሹል ጫማ ተጫምቼ ነው ቡታጅራ የገባሁት። ለጓደኞቼ ያደግኩት ወልቂጤ፣ ነጋዴ አጎቴ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው ብዬ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ አጎት የለኝም። ያደግኩት እዚሁ ቡታጅራ ነው። ከመስቃን ገጠር ለትምህርት መጥቼ አክስቴ ዘይነባ ዘንድ ነው የተቀመጥኩት። አክስቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። እንደ ልጇ አብልታ፣ አልብሳ፣ ሲያስፈልግም በኩርኩም ብላ አሳድጋኛለች። አብረውኝ ያደጉት ሴት ልጇና የሰፈር ልጆች ንግድ ብለው አዲስ አበባ ስለገቡ ውሸቴን የሚያጋልጥ ሰው አልነበረም።

ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ አክስቴ ጋ ግን አልሄድኩም። ባዶ እጄን አልሄድም፣ ደህና ሻሽና ደህና ስጦታ ስይዝ እሄዳለሁ እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ከዚያ ደሳሳ ቤት ስወጣ ሰው እንዳያየኝ ፈርቼ ነው።

ያ የተዋረድኩበት ማክሰኞ ወሩ ኅዳር ነበር። ቡታጅራን በኅዳር ያየ ያውቀዋል፤ በየግቢው በርበሬ ይሰጣል፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰው ሁሉ ያነጥሳል። ሻይና ትኩስ ፓስቲ ቀማምሰን ተነሳን። ከእኛ መሐል ሁለቱ፣ ከድርና ሙስጠፋ፣ እኩዮቼ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ዣንጥላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ። መንገዱን የሞላው የፈረስ ጋሪ ነበር። የመጀመሪያውን ቤት አየን። ሁለተኛው ግድግዳው ገና እየተመረገ ስለነበር ጭቃውን ረግጠን ወጣን። እኔም እንደ ልማዴ ለከድር ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ይሄ ቤት ባለቤቱ በትከሻው ደግፎት ነው የቆመው» አልኩት። ከድር ሳቁን በእጁ አፈነ።

«አሁን እኔ የያዝኩት ቤት ነው» አለ ሙስጠፋ። «ባለቤቱ አንዲት ባልቴት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ነው።»

ብዙ ባልቴት አለ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሙስጠፋ ወደ ግራ ታጠፈ። ከወፍጮ ቤቱ በስተግራ ያለችውን ጠባብ መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ብሄድባት አልሳሳትም። ቢሆንም ጎረቤት ይሆናል አልኩ። ሙስጠፋ ሄዶ ሄዶ የአክስቴን የቆርቆሮ በር አንኳኳ።

መመለስ እችል ነበር። ሆዴን አሞኛል ብል ማን ይከለክለኛል? ሮጬ ቀድሜ ገብቼ ጉልበቷን መሳምም እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። ከሁሉም ኋላ ሆኜ፣ የኮቴን ኮሌታ አስተካክዬ፣ እንደ ደላላ ገባሁ።

አክስቴ ከተሰጣው በርበሬ አጠገብ ቆማለች። ከስታለች። በርበሬው እንዳያቃጥላት አፍና አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍናለች። «አሰላሙ አለይኩም፣ ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» አለች። ከድር ጫማውን ሊያወልቅ ሲል «ግድ የለም፣ ከነጫማችሁ ግቡ፤ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ» ብላ ከለከለችው።

በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጫማ የሚወልቀው እሱ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምሰማው ቃል «ጫማህን!» የሚለው ነበር፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ድንጋዩ ጋ ስደርስ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። አክስቴ ወደኔ ዞረች። ትንሽ አየችኝ፣ ወይም ያየችኝ መሰለኝ።

«አንተም ግባ እንጂ፣ እንግዳ» አለችኝ።

እነሱን ልጆቼ አለች፤ እኔን እንግዳ። እኔ ደግሞ ምን ተሰማኝ? እፎይታ። አላወቀችኝም፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ተመስገን አልኩ በሆዴ። ድምፄን እንዳትለይ መልስ እንኳ ሳልሰጣት፣ በጭቃ ጫማዬ የምትሰግድበትን የጅባ ምንጣፍ ረግጬ አለፍኩ።

የኋላው ክፍል የኔ ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል የጻፍኩት የማባዣ ሰንጠረዥ እስካሁን አልጠፋም። ከድር አየውና «እዚህ ቤት ደግሞ የሰባትን ብዜት የማያውቅ ጎበዝ ነበር፤ ሁሉም ስህተት ነው» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ሻይ ቤት ተመልሰን ስንቀመጥ ሁሉም በተራው ተናገረ። ከድር ስለ ግድግዳው፣ ሙስጠፋ ስለ ውሃው። ጋሽ ወልዴ ወደኔ ዞሩ። «ምነው ዛሬ ምላስህን ድመት በላው? በል እንጂ፣ ጉድለቱን ንገረን።»

መቼም ዝም ማለት አልችልበትም። እንደ ሌሎቹ ለመምሰል ያህል «የኋላው ክፍል ያፈሳል፣ በቀኙ ጥግ» አልኩ።

ጋሽ ወልዴ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ኅዳር ላይ ቆመህ የክረምቱን ፍሳሽ እንዴት አየኸው? እኔ ጣራውን ጥግ በጥግ አይቼዋለሁ፤ ግድግዳውም አልረጠበም።»

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያ ጥግ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። ጠብታው እንቅልፍ ሲነሳኝ አክስቴ መጥታ ባልዲው ውስጥ ጨርቅ ትጨምርልኝ ነበር፣ ድምፁ እንዲጠፋ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ያደግኩበት ቤት ነው» አልኩ። «አክስቴ ናት።»

ማንም አልሳቀም። ስለ ፎቁና ስለ አጎቴም የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። ከድር የሰባትን ብዜት አስታውሶ አንገቱን ደፋ።

«እኛስ ደላሎች ነን» አሉ ጋሽ ወልዴ በቀስታ። «አንተ ከነጫማህ ገባህ?»

ከዚህ በላይ አልተናገሩኝም። በዣንጥላቸው ጫፍ የመጣንበትን መንገድ አሳዩኝ።

ስመለስ አክስቴ ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ ጅባውን በውሃ እያሸች ነበር። የጭቃ ዱካው ብዙ ነው፤ የኔ ግን በሹልነቱ ይታወቃል። ጫማዬን ድንጋዩ ላይ አውልቄ ቀረብኳት። ቀና አላለችም።

«መጣህ?» አለችኝ።

«አላወቅሽኝም ብዬ ነበር።»

«የደከመው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። አረማመድህን ከወፍጮ ቤቱ ጀምሬ ነው የለየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ዝም ስትል እኔ ምን ልበል? ከጓደኞችህ ጋር ነህ። ልብሱም አምሮብሃል። ያሳደገችህ እኔ ነኝ፣ ቤቱም ይሄ ነው ብዬ ላሳፍርህ?»

ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ብትሰድበኝ፣ እንደ ልጅነቴ በኩርኩም ብትለኝ እችለው ነበር። እሷ ግን እኔ በሷ ማፈሬን አውቃ፣ እፍረቴን ልትሸፍንልኝ ራሷን ባዕድ አደረገች። እኔም አላወቀችኝም ብዬ እፎይ ብያለሁ።

«ቤቱን ለምን ለኔ አልሰጠሽኝም?» አልኳት፣ ለማለት ያህል።

«ከተማ መግባትህን ሰምቼ ይመጣል እያልኩ ጠበቅኩ። ዘመድ ካልመጣ እንግዲህ ደላላ ይምጣ አልኩ።»

ጅባውን ከእጇ ተቀብዬ አጠብኩት። እሷ ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ። በልጅነቴ እንደምወደው ጎመኑ ላይ አይብ ጨምራበታለች። አንዴ ጎርሼ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። «ብላ እንጂ፣ በርበሬው ነው ዓይንህን ያቃጠለህ» አለችኝ፤ እሱንም ሸፈነችልኝ።

ቤቱን የሸጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው። የማረቆ በርበሬ የሚነግድ ሰው ማስጫ ያለው ቤት ሲፈልግ፣ የአክስቴ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ እንደማይለየው አይተው ስለነበር ወዲያው ወደዚያው ወሰዱት። እኔ ስንት ዓመት በርበሬ የገለበጥኩበትን ግቢ ፀሐይ እንደ ደግ ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። አክስቴ አዲስ አበባ ገባች። ለዒድ ስሄድ ለጎረቤቶቿ «ልጄ ነው» እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ «እንግዳ» ያለችኝን ቃል ሳታነሳብኝ። አላህ ይዘንላት።

እና ለሐያት ምን ልበላት? ዙር ይጠቅማል፤ ፀሐይ የሚያርፍበትን፣ ውሃ የሚተኛበትን ቪዲዮው አይነግርሽም፤ የጓደኛሽን ቤት ካየሽ ገዢው ሲመጣ ወዴት እንደምትወስጂው ታውቂያለሽ። ይሄን ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት፣ የሰው ቤት በር ላይ በቆምኩ ቁጥር ያ ድንጋይ ፊቴ እንደሚመጣብኝ ነው። ሽበት ካወጣሁም በኋላ አልተወኝም። እፍረት ያረጃል የሚል ሰው ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ክሩን ፈትቼ፣ ቀዳዳ ካልሲዬን እየደበቅኩ ቀና ስል፣ የቤቱ ባለቤት በዱላቸው ተደግፈው ያዩኛል። በጣም ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ሌሎቹ ከነጫማቸው አልፈዋቸው ገብተዋል።

«አንተ ጫማህን ያወለቅከው» አሉኝ፣ «የማን ልጅ ነህ?»

ሐያት ከኋላዬ፣ ከድር ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ። ከድር ያን ቀን የነበረው ከድር ነው፤ አሁን እሱም ሸብቷል። ሰው ሲጠይቀኝ የአባቴን ስም ነው የምጠራው፤ ወጉም እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሌላ ስም ከአፌ ወጣ።

«የዘይነባ» አልኩ። «እዚህ ወፍጮ ቤቱ ጋ በርበሬ ትነግድ የነበረችው፣ የሷ ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌው ከበሩ ፈቀቅ አሉልኝ።

«ዘይነባን አውቃታለሁ» አሉ። «በል ግባ ልጄ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል።»