«እሱ» ያለችው ባዝራዬን ነበር

ፈረስ በዚህ ቆላ አይኖርም ሲሉኝ ኖረዋል። የገንዲ በሽታ ይጨርሰዋል፣ ዝንቡ አያስቀምጠውም ይላሉ። እኔ ግን ባምባሲ አጠገብ ባዝራ አኑሬ አስወልጃለሁ። ፊደል የለየሁት ከሳሙና መጠቅለያ ላይ ነው፤ የፈረስን ነገር ደግሞ ያስተማረችኝ ራሷ ፈረሷ ናት። በሰፈራችን ስለ ፈረስ የሚጠየቅ ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ባዝራዋ ወንድ ውርንጭላ የወለደችው ለጉዳይ አሶሳ በሄድኩበት ቀን ነው። ስመለስ ውርንጭላው ቆሞ ይጠባል። በአጥር የምንዋሰነው የበርታ ሴት፣ ጎረቤቴ፣ የእንግዴ ልጁን ውሻ እንዳይጎትተው ብላ ከማንጎው ሥር ቀብራዋለች። እኔ የእንግዴ ልጅ ሲወጣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግቼ ሙሉ መሆኑን ሳላይ አልቀብርም። ያን ቀን ግን ባዝራዋ ደህና ስትግጥ አየኋትና መቆፈሩን ተውኩት።

በማግስቱ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«አባ፣ እሱ ታመመ። ጆሮው እሳት ነው፣ ወላሂ።»

ወደ ውርንጭላው ሮጥኩ። ጆሮው ለብ ያለ ነው፣ እምብርቱ ደርቋል፣ አፉ ላይ የወተት አረፋ አለ። ልይዘው ስል ጉልበቴን ረገጠኝ።

«በሽተኛሽ ይሄ ነው?» አልኳት። «ጤንነቱን ጉልበቴን ጠይቂው።»

«ልጅ አይደለም። እናት ነው።»

«ታዲያ እናቱ ታመመች በያ።»

«እሱ ታመመ አልኩህ። አንተ ነህ ልጅ ጋ የሄደው።»

በእሷ አማርኛ ላሟም፣ ባሏም፣ እኅቷም «እሱ» ናቸው። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ያሳሳተኝ የውርንጭላው ወንድ መሆን ነው።

ባዝራዋ ሣሩን ትታ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ጆሮዋ ያቃጥላል፤ ከጅራቷ ሥር መጥፎ ሽታ ይወጣል። አካፋ አንስቼ ከማንጎው ሥር ቆፈርኩ። ጎረቤቴ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ «አባ አበደ» ትላለች። አወጣሁት፣ አጥቤም ዘረጋሁት። የፈረስ የእንግዴ ልጅ ሲዘረጋ እንደ ሱሪ ሁለት እግር አለው። የአንዱ እግር ጫፍ ተቀዶ የለም። የጎደለው ቁራጭ ባዝራዋ ሆድ ውስጥ ቀርቶ እየበሰበሰ ነው ማለት ነው። እሷ ከሞተች ውርንጭላውም ይከተላታል፤ በአካባቢያችን የሚያጠባው ሌላ ባዝራ የለም።

እጄን አላስገባሁም፤ እዚያ ላይ አላዋቂ እጅ ይገድላል። ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልኩ። ወጣት ነው፣ በሞተር መጣ። የተዘረጋውን አሳየሁት።

«ጥሩ አድርገው አይተውታል፣ አባባ።»

«እዚህ አገር እንደ እኔ የሚያይ የለም።»

«እሺ። አሁን ጭንቅላቷን ይያዙልኝና እኔም ልይ።»

ቁራጩን አወጣ፣ ማህፀኗን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠበ፣ መርፌ ወጋት። ሲሄድ «ሕመሙ ሰኮናዋ ውስጥ ከገባ መቆም ያቅታታል። ሰኮናዋን ያቀዝቅዙ፣ እህል አይስጧት» አለኝ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። እየደጋገምኩ ወንዝ እያወረድኩ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ አቆምኳት፤ እኔም አብሬያት ቆምኩ። ውርንጭላው ዳር ላይ ሆኖ ይጮህብናል። ሰኮናዋን በመዳፌ እየዳሰስኩ ሙቀቱን አያለሁ። ወገቤ እንውጣ እያለ ቢለምነኝም አልሰማሁትም። እሷ ልትወጣ ስትል ገመዱን እይዛለሁ፣ እኔ ልወጣ ስል ደግሞ ራሴን እሰድባለሁ። ፉርሽካ ለምና እጄን ስታሸት እንኳ ጨከንኩባት፤ ሣር ብቻ አቀረብኩላት፣ እሱንም ሳትነካው ታድራለች።

አንድ ጠዋት ውኃ ስቀዳ ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ተጣራች።

«አባ፣ እሱ በላ።»

ባልዲውን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ባዝራዋ ሄድኩ።