ለመኪናዬ ለቅሶ የተቀመጥን ቀን

ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ለመኪናዬ ተለቀሰ።

በእጄ የገጣጠምኳትን ስፖርት መኪና ለዊንተር ላሳርፋት ብዬ ባትሪዋን ፈታሁና በነጭ አንሶላ ሸፈንኳት።

እንደኔ መኪና የገጣጠሙ የክለባችን አባላት ሊሰናበቷት መጥተው፣ ጥቁር የክለብ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ዙሪያዋን ተቀመጡ። እኛ ክለብ ውስጥ ከመንዳት መሰነባበት ይበዛል።

የቢከን ሂል ሰፈር ጎረቤቴ እማማ አስካለ በመንገድ ሲያልፉ በተከፈተው የጋራዥ በር አዩን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ።

"እማማ፣ መኪና ናት" አልኳቸው።

"አይዞህ ልጄ፣ ድንጋጤው ነው" አሉኝ።

ለካ በር ላይ ቆመው ለሰው ሁሉ ኮል አድርገዋል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ራቅ ካለችው ከፌደራል ዌይ ከተማ ድረስ ሽሮ በድስት መጣ።

ሶ፣ አንሶላውን ገልጬ አሳየኋቸው። እማማ ቀዩን ኮፈን ዳበስ አደረጉና፣ "ታዲያ አንዴ ከመጣን?" ብለው ቁጭ አሉ።

የክለባችን ሊቀመንበር ግሬግ የአገራችን ወግ መስሎት አብሮ ሲያለቅስ ነበር። ቅዳሜ የሱም መኪና ስለምትሸፈን፣ እማማ ይመጡለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ተረጎምኩላቸው።

"የሰው ለቅሶ ይቀራል እንዴ?" አሉ።

ኦኬ፣ ቅዳሜ ሾፌራቸው እኔ ነኝ። እናንተስ፣ ሟች በሌለበት ለቅሶ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?