አንድ ቃል በአረፍተ ነገር

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የክፍላችን የእንግሊዝኛ ጎበዝ እኔ ነበርሁ። ይህን በኩራት አልናገረውም። ያኔ ግን ኩራት ብቻ ነበር የነበረኝ። ጠመኔ የሚሸተው ጎንደር ያለው ትምህርት ቤታችን፣ በክረምት በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ በእረፍት ሰዓት የምንጫወተው ሰኞ ማክሰኞ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ግን የማስታውሰው ማንጠግቦሽን ነው።

ማንጠግቦሽ ከአርማጭሆ፣ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ከእኛ ቤት ጀርባ አክስቷ ዘንድ ትኖር ነበር። አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን። አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ ምነው አገርሽ አትሄጂም ብዬ ጠየቅኋት። የያዘችውን ልብስ እየጨመቀች ነገረችኝ። አያቷና የጎረቤታቸው አያት በግጦሽ ድንበር ተጣሉ፤ አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደም እየተመላለሰ፣ አጎቷም ተገድሎ እሷ ዘመን ደረሰ። የአጎቷን ደም ለመመለስ ተረኛው ታላቅ ወንድሟ አዳነ ስለሆነ፣ ባላንጣዎቹ ቀድመው እንዳይገድሉት አባታቸው ወደ ከተማ አሽሽቶት፣ እንጨት ቤት በአናጺነት ተቀጥሮ ይሠራል።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«በማርያም» ብዬ ማልሁላት።

ሳምንት ሳይሞላ የእንግሊዝኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፊውድ» የሚል ቃል ጻፉ። አንዱ ተማሪ «ፉድ፣ ምግብ ነው» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ስቀው ሲያበቁ አስረዱን። ዛሬ ተጣልተው ነገ የሚታረቁ ሰዎች ፊውድ የላቸውም አሉ። ዓመታት የቆየ፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ፣ አንዱ ወገን ሲመታ ሌላው የሚመልስበት ጠብ ነው። ቂም ብንለው ያንሳል፤ ቂም ሆድ ውስጥም ይቀመጣል፣ ይኼኛው ግን ደጅ የወጣ ነው። ከዚያ «በአረፍተ ነገር የሚያስገባልኝ ማነው?» አሉ።

አንዷ ድመትና አይጥ አለች። መምህሩ የሰው ምሳሌ ፈለጉ። እጄን አወጣሁ። ብድግ ብዬ አንድም የሰዋስው ስሕተት በሌለው እንግሊዝኛ፣ የማንጠግቦሽ ቤተሰብ ከጎረቤቱ ጋር የቆየ ፊውድ አለው፣ ወንድሟም በዚህ የተነሳ ጎንደር እንጨት ቤት ተደብቋል አልሁ።

«በጣም ጎበዝ!» አሉ መምህሩ። ወዲያው ያልሁት ነገር ገብቷቸው ፊታቸው ተለወጠ። ማንጠግቦሽ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎበዝ መባሌን እያጣጣምሁ ተቀመጥሁ።

የዚያን ቀን ብቻዋን ሄደች። ያልሁት ከክፍል ወጥቶ ከተማውን ዞሮ ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች እንጨት ቤቱ ድረስ መጥተው «ያ የአርማጭሆው ልጅ የታለ?» ብለው ጠየቁ። ደግነቱ አዳነ ሚስማር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ወሬው እንደደረሰው እህቱን ይዞ፣ ዕቃ እንኳ ሳይሸክፉ ከከተማው ወጡ። አክስቷም አብረዋቸው ወጥተው ኖሮ፣ እናቴ እንጀራ እንዲበሉ ልትጠራቸው ሄዳ በሩን ተቆልፎ አገኘችው። «ምን አግኝቷቸው ነው ሳይሰናበቱን የሄዱት?» ብላ ተጨነቀች።

«አላውቅም» አልኋት። እናቴ እስክትሞት መልሴ ያው ነበር።

አሁን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አስተምራለሁ። ማንጠግቦሽ አዲ አርቃይ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት መክፈቷን፣ ኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱት አክስቷ ከነገሩኝ ስምንት ዓመት አልፏል። በዚያ መንገድ ለሥራ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መኪናው ለምሳ ሲቆም ራሴን አሞኛል እያልሁ አልወርድም ነበር። አምና በአራተኛው ጉዞዬ ግን ወረድሁ።

በሩ ላይ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ወፍራለች። ቀና ብላ አይታኝ ስሜን ጠራችው። ሳልቀመጥ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶኝ «እኔ ነኝ የተናገርሁት» ብቻ አልሁ።

«ክፍል ውስጥ አልነበርሁምና ነው?» አለችኝ ፈገግ ብላ። ከዚያ አዳነ ደኅና መሆኑን፣ ሦስት ልጆች መውለዱን ነገረችኝ። ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ገብተው፣ ካህናት መስቀል ይዘው፣ ምለው መታረቃቸውን አጫወተችኝ። አጎቷን የገደለው ሰው ልጅ በማንጠግቦሽ ሠርግ ላይ ሙሽራ አጅቧል።

«እነሱ ሸጋ ሰዎች ሆኑ» አለች ቢላዋዋን አስቀምጣ። «ጠላቶቻችን ድንጋይ ተሸክመው፣ ይቅር በሉን ብለው እግራችን ላይ ወደቁ። አንቺ ግን ጓደኛዬ ነበርሽ፤ አንድ ቀን ትመጣለች እያልሁ ጠበቅሁ። ምነው ቀረሽ?»

ክፍል ውስጥ ያደረግሁትን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አድርጋዋለች እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን አጽናንቻለሁ። ከመኪና ሳትወርድ የቀረችው ግን ልጅ አልነበረችም፤ ተማሪ የምታስተምር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ነበረች። ልጅነቴን አሁንም እወደዋለሁ፤ ሳቁን፣ ዝናቡን፣ ጓደኛዬን። የማፍረው ከዚያ ወዲህ በኖርሁት ነው።

ሹፌሩ ጡሩንባውን ደጋግሞ ነፋ። ማንጠግቦሽ ወደ መንገዱ አየች እንጂ ሂጂ አላለችኝም።

ሄጄ ሻንጣዬን አወረድሁና ሹፌሩን «እናንተ ሂዱ» አልሁት።